የእኛ እጅ ብቻ ነው እንዴ እጅ?

ይህ ጽሑፍ የሚጀምረው በራሴ ላይ በምሰጠው ምስክርነት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአረፋን በዓል ከቤተሰቦቼ ጋር ለማሳለፍ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። ወቅቱ ክረምት ነው። የቦረናን ደጋ ለሚያውቅ ሰው ስለ ጭጋጉና ስለ ጭቃው መንገር አያስፈልግም። በበዓሉ ማግስት የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ወጣቶች የእግር ኳስ ግጥሚያ ነበራቸው። ሽልማቱ አዲስ አበባ የምንኖር የአካባቢው ተወላጆች አዋጥተን የላክነው፣ አንድ ሙሉ ቡድን የሚያለብስ ማልያ ነው። ያጫውታል የተባለው የስፖርት መምህር ሳይመጣ ቀረ። «ጋዜጠኛው አለ አይደል እንዴ? ስለ ኳስ የሚጽፈው!» ተባለና ፊሽካው እኔ እጅ ገባ።

እውነትም ስለ ኳስ ጽፌ አውቃለሁ። ከጻፍኩት ውስጥም ዳኞችን የወቀስኩበት ይበዛል። «ዳኞቻችን ወጥ አይደሉም፤ ለአንዱ የከለከሉትን ለሌላው ይፈቅዳሉ» ብዬ ስጽፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም። እንግዲህ ያ እጅ ፊሽካ ሲይዝ ምን እንደሠራ ስሙ።

ሜዳው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። ግቡ የባሕር ዛፍ አጣና ሲሆን መረብ የለውም። በአመድ የተሰመረውን መስመር ዝናብ አጥቦታል። የመስመር ዳኛ የሚባል ነገር የለም። በመጀመሪያው አጋማሽ የታች ሰፈር አጥቂ የመታት ኳስ በላይ ሰፈር የቅጣት ክልል ውስጥ የተከላካዩን እጅ ነካች። «ሳያስበው ነው፤ ቀጥሉ!» አልኩ። ቀጠሉ። ሁለተኛው አጋማሽ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ደግሞ ያችው ዓይነት ኳስ በወዲያኛው ክልል የታች ሰፈርን ተከላካይ እጅ ነካች። ፊሽካዬን ነፋሁ። ፍጹም ቅጣት ምት! መቺው የእህቴ ልጅ ነበር። አገባ። ጨዋታው በላይ ሰፈር አሸናፊነት 1 ለ 0 አለቀ።

ማንም አልሰደበኝም፤ ድንጋይም አልተወረወረም። ኳሷ እጁን የነካችው ልጅ ብቻ ጭቃውን ከጉልበቱ ላይ እየጠረገ ወደ እኔ መጣና በትሕትና አንድ ነገር ጠየቀኝ፦

«ጋሼ፣ የእኛ እጅ ብቻ ነው እንዴ እጅ?»

መልስ አልነበረኝም።

በሁለት ፍርዶች መካከል

እስቲ ነገሩን በሰከነ አእምሮ እንመርምረው። በእግር ኳስ ሕግ ኳስ እጅን በነካች ቁጥር ጥፋት ተሠራ አይባልም። ተጫዋቹ ሆን ብሎ ከነካት፣ ወይም እጁን ከተፈጥሯዊ ሁኔታ ውጭ ዘርግቶ አካሉን ካሰፋ ጥፋት ነው። ይህን መለየት ደግሞ የዳኛው ፋንታ ነው። የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድ በ2019 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አንቀጽ ደጋግሞ ማስተካከሉ ነገሩ የቱን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ያሳያል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ውሳኔዬን ብቻ ነጥሎ የሚመለከት ሰው «ልክ ነው፤ ሳያስበው ነው» ሊል ይችላል። ሁለተኛውን ብቻ ነጥሎ የሚመለከትም «ልክ ነው፤ እጁን ዘርግቷል» ሊል ይችላል። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ጠበቃ አያጣም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ግን አድልዎን ያያል። ልጁ ያየው ይህንን ነው። ስለ ሕጉ አንቀጽ አልጠየቀኝም፤ የጠየቀኝ ስለ ሁለቱ እጆች ነው።

ስለ ዳኝነት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንቀላቅላቸው ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ይለያያሉ። አንዱ ብቃት ነው፤ ዳኛው ያያል ወይ? ሕጉን ያውቃል ወይ? ሮጦ ይደርሳል ወይ? ሌላው ወጥነት ነው፤ ለአንዱ ያዋለውን ሕግ ለሌላውም ያውላል ወይ? በገበያ ውስጥ ሚዛኑ የተበላሸበት ነጋዴ አለ። ለመጣው ሁሉ ሃምሳ ግራም ያጎድላል። ይህ ጉድለት ነው፤ ሚዛኑ ሲጠገን ይጠገናል። ሌላው ነጋዴ ግን ሚዛኑ ደህና ሆኖ ሳለ ለአንዱ ሲመዝን ጣቱን ያሳርፋል፣ ለዘመዱ ሲመዝን ጣቱን ያነሳል። የዚህኛው ጉድለት በሚዛኑ ላይ አይገኝም። ቁርኣን ውስጥ አንዲት ሱራ «ሙጠፊፊን» ተብላ በሚዛን አጉዳዮች መሰየሟን የሚያውቅ አንባቢ የነገሩን ክብደት አያጣውም።

የደጋፊው ሚዛን

ይሁንና ጣት የሚያሳርፈው ዳኛ ብቻ ነውን? ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩይት ላይ ከዛምቢያ ጋር ተጫወተ። በመጀመሪያው አጋማሽ ዳኛው ለእኛ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ሻይ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ «ዳኛ ማለት እንዲህ ነው!» ተባለ። ሳላዲን ሰኢድ ሳያስቆጥር ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው እግሩን አንስቶ የዛምቢያን ተጫዋች መታና በቀይ ካርድ ወጣ። ያው ዳኛ፣ በዚያው አጋማሽ፣ «ሌባ» ሆነ! እግሩ ሲነሳ ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። ቡድናችን በ10 ሰው ታግሎ 1 ለ 1 መውጣቱ የሚያኮራ ነበር። እኛ ደጋፊዎች በዳኛው ላይ የፈረድነው ፍርድ ግን አያኮራም። ከስምንት ቀን በኋላ ሩስተንበርግ ላይ ናይጄሪያ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ባገኘቻቸው ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 ስታሸንፈን «ተሸጥን» ያልነውም እኛው ነን። ጥፋቱ ነበረ ወይስ አልነበረም ብሎ መጠየቅን ያስታወሰ ጥቂት ነው።

በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመን። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ካሸነፍን በኋላ በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት መሰለፍ ያልነበረበት ተጫዋች መሰለፉ ታወቀ። ፌዴሬሽናችንም ስህተቱን አመነ። ፊፋ ጨዋታውን 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ቆጥሮ 3 ነጥብ ወሰደብን። ሕዝቡ አዘነ፤ በፌዴሬሽኑም ላይ ተቆጣ። ሆኖም «ፊፋ በደለን» የሚል ሰው ብዙም አልሰማሁም። ለምን? በዚያው የማጣሪያ ውድድር ቶጎ፣ ኢኳቶሪያል ጊኒና ኬፕ ቨርዴም በተመሳሳይ ጥፋት ነጥባቸውን ተነጥቀዋልና ነው። ኬፕ ቨርዴማ ወደ መጨረሻው ዙር አለፍኩ ብላ ከጨፈረች በኋላ ነው ቦታዋን ለቱኒዚያ የለቀቀችው። ሕጉ ለእኛ የተለየ ፊት አላሳየም።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚሉት ለዚህ ነው። 3 ነጥብ በቅሎ ናት፤ በፍርድ ሄደች፤ ቻልነው። የመካነ ሰላሙ ልጅ ያጣው ደግሞ ጭብጦ ነው፤ አንድ ማልያ። ያለ ፍርድ ስለሄደች ግን እስከ ዛሬ ታንገበግበዋለች። ሰው ስህተትን ይሸከማል፤ ቅጣትንም ይሸከማል። የማይሸከመው በሁለት ሚዛን መመዘንን ነው።

ፊሽካ የያዘው ሰው

ለዳኛውም ፍትሕ ይገባዋል። ሚያዝያ 22 ቀን 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ከመከላከያ ጋር ሲጫወት በአንዲት ግብ መጽደቅ የተነሳ የመሐል ዳኛው ሜዳው ውስጥ ተባርሮ ተደበደበ። በዚህም ሳቢያ የፕሪሚየር ሊጉ ውድድር እንዲቋረጥ ተደረገ። ነገ እደበደባለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው ዛሬ እንዴት እኩል ያያል? ጨዋታው እዚህ ሜዳ ሲሆን ለዚህ ያደላል፣ እዚያ ሲሆን ለዚያ ያደላል፤ ከዚያም «ወጥ አይደለም» ብለን እንወቅሰዋለን። ወጥነቱን በፍርሃት የነጠቅነው ግን እኛው ነን።

ፍርሃት ሲባል ደግሞ ዱላ ብቻ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአውሮፓ ሊጎች በባዶ ስታዲየም ሲካሄዱ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ቀድሞ እንግዳው ቡድን ከባለሜዳው ይበልጥ ካርድ ይበዛበት ነበር፤ ተመልካች ሲጠፋ ይህ ልዩነት ጠበበ። እነዚያ ዳኞች ጥሩ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ በወጉ የሠለጠኑ ናቸው። ጉቦ አልበሉም። ዘመዳቸውም ሜዳ ውስጥ አልነበረም። የሰው ጩኸት ብቻ ሳያውቁት እጃቸውን ጎትቶታል። እንግዲህ የእህቱ ልጅ ሜዳ ውስጥ ያለበት ሰው እንዴት ይሆን?

ካሜራ ያልመለሰው

አንዳንዱ «መፍትሔው ካሜራ ነው» ይላል። በከፊል እውነት አለው። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ የሊጋችን ጨዋታዎች በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምሩ የዳኛ ስህተት በሬዲዮና በወሬ ብቻ የሚነገር መሆኑ ቀረ፤ ሁሉም ደጋግሞ አየው። በቪዲዮ የታገዘው ዳኝነት፣ ቫር የሚባለው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. በሩሲያው የዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ሲውል ብዙ ግልጽ ስህተት ታርሟል። ብቃትን አግዟል ማለት ነው።

ወጥነትን ግን? ቫር የሚጠየቀው «ይህ ውሳኔ ግልጽ ስህተት ነው ወይ?» ተብሎ ነው። «በመጀመሪያው አጋማሽ ለዚያኛው ቡድን ምን ወሰንክ?» ብሎ ዳኛውን አይጠይቅም። ከላይ እንዳልነው አድልዎ የሚደበቀው በሁለት ፍርዶች መካከል ነው፤ ካሜራው ደግሞ አንዱን ፍርድ ብቻ ያሳያል። የእኔ ጨዋታ ቫር ቢኖረው ኖሮ ሁለቱንም ውሳኔዎቼን ሊያጸድቅልኝ ይችል ነበር!

በዚያው ዓመት የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የሆነውን እናስታውስ። ግብፅ ውስጥ በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ አል አህሊ ኤስፔራንስን 3 ለ 1 አሸነፈ። ቫር እያለ የተሰጡት ፍጹም ቅጣት ምቶች ቱኒዚያን በቁጣ አናወጧት። አንድ የአል አህሊ አጥቂም የገዛ ማልያውን ቀዶ ዳኛውን ለማሳሳት ሞክሯል ተብሎ በካፍ ታገደ። ጥቅምት 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ራዴስ ላይ የመልሱን ጨዋታ በፊሽካ እንዲመራ የተመደበው የአገራችን ልጅ ባምላክ ተሰማ ነበር። ኤስፔራንስ 3 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ባምላክ በዚያው ዓመት ለሩሲያው የዓለም ዋንጫ የተመረጠ ዳኛ ነው፤ ብቃቱ የታወቀ ነው። ለዚያ ጨዋታ ሲመደብ ግን ከብቃቱ ሌላ አንድ ነገር አስፈልጓል፤ ግብፃዊም ቱኒዚያዊም አለመሆኑ። ሊዲያ ታፈሰም በ2015 እና በ2019 እ.ኤ.አ. ለሴቶች የዓለም ዋንጫ ስትመረጥ የምታጫውታቸው የሌሎችን አገሮች ቡድኖች ነው። ዓለም በዳኞቹ እውቀት የሚተማመን ቢሆንም ወገናቸው ካለበት ሜዳ ያርቃቸዋል።

የአጎቴ ጥያቄ

ይህንን እኔ የተማርኩት ከፊፋ ሳይሆን በዚያው ዕለት ማታ ከአጎቴ ነው። አጎቴ ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያከብራቸዋል። አወል ቡናው ወርዶ ወሬው ሁሉ ስለ ግጥሚያው ሆነ። የእህቴ ልጅ አዲሱን ማልያ ለብሶ ተቀምጧል። አጎቴ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«በመጀመሪያ የተነካው እጅ የማን ነበር አሉ?»

«የላይ ሰፈር ልጅ ነው። ግን አጎቴ፣ እኔ ማንነቱን አላየሁም። ኳሷን ነው ያየሁት።»

«ዓይንህስ አላየ ይሆናል፤ ልብህ ግን አይቷል። ልጄ፣ እኔ ዘመዴ ባለበት ነገር ሽምግልና አልቀመጥም። ሰው ይጠረጥረኛል ብዬ እንዳይመስልህ። እኔው ራሴን ስለምጠረጥረው ነው።»

«አንቱ እንኳ ራስዎን ይጠረጥራሉ?»

«ያልጠረጠረ ነው የሚያዳላው» አሉና ፍንጃላቸውን አነሱ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ጥያቄ ይዞኝ አደረ፤ ለአንባቢም ላቅርበው። ዳኛ በመጀመሪያው አጋማሽ ተሳስቶ በሁለተኛው ተመሳሳይ ነገር ቢገጥመው ምን ማድረግ አለበት? ወጥ ለመሆን ሲል ስህተቱን ይድገም? ወይስ ትክክለኛውን ይፍረድ? ትክክለኛውን ከፈረደ ያው ቡድን ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ መጀመሪያ የሚገባውን ተከልክሎ፣ በኋላ የሚገባውን ቅጣት ተቀብሎ። ወይስ ደጋፊዎች «ማካካሻ» እንደምንለው ላልተሠራ ጥፋት ፊሽካ ነፍቶ ሂሳቡን ያመጣጥን?

ማካካሻውን መጣል ቀላል ነው። ሁለት ውሸት ተደምሮ አንድ እውነት አይሆንም። ከዚህም በላይ ዳኛ ማካካስ ከጀመረ ፊት ለፊቱ ያለውን ጨዋታ መዳኘቱን ትቶ በልቡ የያዘውን ዕዳ ማወራረድ ይጀምራል። ስህተትን መድገምም ወጥነት አይደለም፤ ግትርነት ነው። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ለአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ ጻፉት የሚባለው የዳኝነት መመሪያ ሁለቱንም ነገር ይዟል። በአንድ በኩል ባለጉዳዮችን በፊት ገጽታና በመቀመጫ ሳይቀር እኩል መያዝን ያዛል። በሌላ በኩል ደግሞ ትናንት የሰጡት ፍርድ ዛሬ ወደ እውነት ከመመለስ እንዳያግድ ያስጠነቅቃል። እኩልነትና እርማት የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም ማለት ነው።

የሚያስታርቃቸው ደግሞ ዳኛው ለራሱ የሚያቀርበው አንድ ጥያቄ ይመስለኛል፤ «ሁለቱ ቡድኖች ማልያ ቢቀያየሩ ኖሮስ እንዲሁ እፈርድ ነበር?» እኔ በሁለተኛው አጋማሽ «የመጀመሪያው ፍርዴ ስህተት ነበር፤ አሁን ገባኝ» ብዬ አስቤ ነፍቼ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለቱን አምበሎች ጠርቼ ይህንኑ በግልጽ መናገር ነበረብኝ። የታች ሰፈር ልጅ ያዝን ነበር፤ ግን ምክንያቱን ያውቀው ነበር። እውነቱ ግን እንዲህ አልነበረም። ፊሽካውን ስነፋ የመጀመሪያው እጅ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያላለኝ ደግሞ ለመርሳት ስለሚመቸኝ ነው። አድልዎ ሁልጊዜ በክፋት አይመጣም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመርሳት ነው፤ የምንረሳውም የሌላውን ሰው ጉዳት ነው።

ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ዳኞችን የሚመድቡ ሰዎች ከየትኛው ቡድን ጋር ማን ምን ዝምድና እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ። የዳኞች ግምገማም በአንድ ትልቅ ስህተት ላይ ብቻ አይንጠልጠል፤ ተመሳሳይ ጥፋቶችን ከተለያዩ ጨዋታዎች ሰብስቦ ጎን ለጎን ያስተያያቸው። ስህተት ሲገኝ በግልጽ ይነገር፤ ስህተቱን ያመነ ዳኛም ለዱላ አይዳረግ። እኛ ጸሐፊዎችና ደጋፊዎች ደግሞ «ዳኛው በደለን» ከማለታችን በፊት ያንኑ ፍርድ ለእኛ ቢሰጥ ኖሮ እናጨበጭብ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ራሳችንን እንጠይቅ።

በማግስቱ ልጁን ፈልጌ አገኘሁት። አባቱ ሱቅ በር ላይ ቆሟል። «ትናንት የጠየቅኸኝ ልክ ነበር። ተሳስቻለሁ» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «እሺ ጋሼ» አለ። ከዚያ ደግሞ ወደ መንገዱ በአገጩ እያመለከተ «ማልያውስ?» አለኝ። ሦስት የላይ ሰፈር ልጆች አዲሱን ማልያ ለብሰው እየተሳሳቁ ያልፋሉ። ሳቄ መጣ፤ እሱም ሳቀ። የሚመለስ ነገር እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። «ለታች ሰፈርም ማልያ ልግዛላችሁ?» ብለው እምቢ አለ። «ለሚመጣው ዓመት ሌላ ሰው ያጫውተን። እሱ ይበቃናል።»

በተከታዩ ዓመት ያጫወተው ከሌላ ወረዳ የመጣ፣ ከሁለቱም ሰፈር ዘመድ የሌለው መምህር ነበር። እኔ ከመስመር ውጭ ቆሜ ነበር የማየው። ገና በጅምሩ የእህቴ ልጅ ከኋላ ገብቶ አንዱን ጠለፈና ፊሽካ ተነፋበት። «ኧረ ዳኛ!» ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት ከአጠገቤ የቆሙት አጎቴ ቀና ብለው አዩኝ። አፌን ዘጋሁ። ጥፋቱን በዓይኔ አይቼዋለሁና።

ወላሁ አዕለም።